ከመምህር ግርማ ላፕቶፕ ላይ ያጠፋሁት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ ሳትሰማው ሞተች። ባሌ «ስልክ በጠራ ቁጥር ለምን ትደነግጫለሽ?» ሲለኝ «ልማድ ነው» እያልሁ ስምንት ዓመት አለፈ። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ እዚህች ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ያውም መስቀሉን እየተሳለምሁ። እንግዲህ ይህን የምታነቡ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ናችሁ።

ትርንጎ እባላለሁ። ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያደግሁ፣ ኮምፒዩተር ጠግኜ የምኖር ሴት ነኝ። ሱቄ አንዲት ክፍል ናት። ስከፍታት የሳቀብኝ ብዙ ነበር። አንዳንዱ ዕቃውን በእጄ ካስረከበኝ በኋላ ዞር ዞር ብሎ «ባለሙያው መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል። ስለዚህ አንዲት ጥፋት እንዳይገኝብኝ ስፈራ እኖር ነበር። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ፍርሃቱ ከየት እንደጀመረ እንድታውቁት ነው። ፍርሃት የሌለበት ማን አለ? ሁሉም የፈራ ሰው ግን የሌላውን ሰው ሕይወት አያፈርስም። እኔ አፈረስሁ።

በዚያን ጊዜ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮቹን እንድጠግንለት ተዋውሎኝ ነበር። መምህር ግርማ እዚያ ባዮሎጂ ያስተምሩ ነበር። አገራቸው አሰላ ነው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማን ባሕር ዳር ፋብሪካ ሥራ ሲያገኙ ቤተሰቡ ተከትሎ መጣ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ቤዛ የምትባል፤ እሷም እዚያው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ጋሽ ግርማ ሃምሳ ዓመት የተጠጉ፣ ኮታቸው ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው «ባለሙያው የት አለ?» ሲለኝ እሳቸው ገና በመጀመሪያው ቀን «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ? ጎበዝ» ያሉኝ ናቸው።

አንድ ቀን ከቀትር በፊት የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘው ሱቄ መጡ።

«ትርንጎ፣ ለልጆቹ የማሳያቸው ቪዲዮ አልከፈት አለኝ። የሚከፍት ነገር ጫኝልኝ እስቲ።»

ጠዋቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ገና መምጣቱ ነበር። ደንበኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ሱቁን ሞልቶታል። ላፕቶፑን ተቀብዬ ከሰዓት በኋላ እንዲመለሱ ነገርኋቸው። ሁልጊዜ የምጠቀምበትን የታወቀ ፕሮግራም የያዘው ፍላሽ ቤት ቀርቶብኝ ነበርና፣ ኢንተርኔት ላይ «ነጻ የቪዲዮ ማጫወቻ» ብዬ ፈልጌ መጀመሪያ ያገኘሁትን አወረድሁ። መጫን ጀመርሁ። ቀጥል፣ ቀጥል፣ እስማማለሁ። በመካከል አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎባት «ይህም አብሮ ይጫን» ትል ነበር። አየኋት። አላየሁም ብል እንደገና መዋሸቴ ነው። ምልክቱን ላንሳ ብል አንድ ንክኪ ነበር፤ ጣቴ ግን አልቆመም። ቀጥል።

በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ጭራ አለው። አብሮት የሚገባው ሌላው ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን አያበላሽም፤ ተደብቆ ተቀምጦ ባለቤቱ ያልጠራውን ማስታወቂያ ፊቱ ላይ ይዘረግፍበታል እንጂ። ሰው ሁሉ «ቫይረስ» ይለዋል። ዛሬ የሸቀጥ ማስታወቂያ ካመጣ ነገ የውርርድ ያመጣል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለዓይን የሚያሳፍር። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ግርማ መንገድ ላይ አገኙኝ። «ትርንጎ፣ ያ ላፕቶፕ ጥግ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ ብቅ ይልበታል። አንዱን ስዘጋው ሌላ ይመጣል። ቫይረስ ይሆን እንዴ? ነገ ላምጣልሽ?»

ከየት እንደመጣ በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። አፈርሁ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። «ነገ አይመቸኝም ጋሽ ግርማ። ምንም አይደል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያምጡት» አልኋቸው። ያ የሚቀጥለው ሳምንት አልደረሰላቸውም።

ክፍል ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከሰማሁት ብዛት ግን ያየሁት ይመስለኛል። ዘጠነኛ ክፍል ነበር። የጣና ዓሣ በስንጥቡ እንዴት እንደሚተነፍስ የሚያሳይ ቪዲዮ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከፈቱ። ዓሣው እየዋኘ ሳለ ግድግዳው ላይ የተራቆተች ሴት ብቅ አለች። ድምፅም ነበረው። ሊዘጉ ጫኑ፤ ሌላ ተከፈተ። እሱንም ዘጉ፤ ሁለት ሆኖ መጣ። ልጆቹ ገሚሱ ጮኸ፣ ገሚሱ ሳቀ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። መምህሩ የሚያደርጉት ቢያጡ ኮታቸውን አውልቀው ፕሮጀክተሩ ላይ ጣሉበት። ምስሉ ጠፋ። ድምፁ ግን ቀጠለ። ከኋላ ወንበር አንዱ በስልኩ ቀርጾት ነበርና ማታውን ከተማው ሁሉ አየው። እኔም አየሁት። ጋሽ ግርማ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ሲንቀጠቀጡ አየሁ።

በማግሥቱ ርዕሰ መምህሩ ደወሉልኝ። «ባለሙያ እንፈልጋለን፣ ነይ» አሉኝ። መንገዱን እንዴት እንደሄድሁት አላስታውስም። ቢሮው ውስጥ ርዕሰ መምህሩ፣ አንዲት መምህርትና የወላጆች ተወካይ የሆኑ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጋሽ ግርማ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሳልፍ «መጣሽልኝ? እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። መጣሽልኝ አሉኝ!

ላፕቶፑን ይዤ ወደ ጎን ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቼ በቀን አስደረደርኋቸው። ከላይ የእኔ ቪዲዮ ማጫወቻ አለ። ከሥሩ «የዋጋ ረዳት» የሚባል ማንም ያልጠራው ፕሮግራም አለ። ሁለቱም የተጫኑት በአንድ ቀን ነው፤ ላፕቶፑ ሱቄ በዋለበት ቀን። ኢንተርኔት የሚታይበትን ብራውዘር ከፈትሁ፤ መግቢያ ገጹ ተቀይሯል፣ ኤክስቴንሽን የሚሉት ያልታወቀ ቅጥያ ተለጥፎበታል። የተጎበኙትን ገጾች ታሪክ አየሁ። ወራት ወደ ኋላ ሄድሁ። ምን አገኘሁ? የመማሪያ መጻሕፍት። የዓሣ ሥዕል። ዜና። የአሰላ የአየር ሁኔታ። ማስታወቂያው በራሱ ከከፈታቸው ገጾች በቀር አንዲት ነውር አልነበረችበትም። ያ ዝርዝር የንጹሕ ሰው ምስክር ነበር።

ያን ጊዜ በሩን ከፍቼ «ኑ እዩ» ብል ምን ነበረበት? ሦስት እርምጃ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «እኔ ስጭን አብሮ የገባ ነው፣ እሳቸው ምንም አላደረጉም።» ይህችን ብል ሰውየው ዛሬም አስተማሪ ናቸው። እኔ ግን ያየሁት የሱቄን በር ሲዘጋ ነው። «አላልናችሁም? ሴት!» ሲባል ጆሮዬ ላይ ሰማሁት። እና ማጽዳት ጀመርሁ።

«የዋጋ ረዳት»ን አራገፍሁ። ቪዲዮ ማጫወቻውን አራገፍሁ። ቅጥያውን አወጣሁ። ላፕቶፑ ሲነሣ አብረው ከሚነሡት መካከል ተደብቆ የቀረውን ፈልጌ አጠፋሁ። መግቢያ ገጹን መለስሁ። እስከዚህ ድረስ ማንም ባለሙያ የሚያደርገው ነው፤ ማስታወቂያ የሚዘረግፍ ነገር የሚወገደው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን የሙያ አይደለም። የተጎበኙትን ገጾች ታሪክ በሙሉ ሰረዝሁ። ያን የዓሣና የመጽሐፍ ዝርዝር፣ ያን ምስክር፣ በገዛ እጄ ሰረዝሁ። ለምን? ማስታወቂያው ከየትኛው ቀን እንደጀመረ እሱም ይናገር ነበርና ነው። «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ኮምፒዩተሩ ጠየቀኝ። አዎ ብዬ ጫንሁ።

ስመለስ ጋሽ ግርማም ተጠርተው ገብተው ነበር። ርዕሰ መምህሩ «ምን አገኘሽ?» አሉኝ።

«ማስታወቂያ የሚያመጣ ነገር ነበር፤ አጽድቼዋለሁ።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ ብለው «እንዲያው ልጄ፣ እኛ ይህን አናውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሳይጠራው በራሱ ይመጣል?» አሉ።

«ሰው ካላስገባው አይገባም» አልሁ። ቃሉ እውነት ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ። እውነትን ይዞ እንዲህም ይዋሻል።

መምህርቷ «ምን ምን ይከፍቱ እንደነበር ታሪኩ ላይ አይታይም?» ብላ ጠየቀች።

«ታሪኩ ተሰርዟል።»

«ማን ሰረዘው?»

ጋሽ ግርማ ያዩኛል። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልሁና «ብዙ ጊዜ የሚሰርዘው ባለቤቱ ነው» አልሁ።

በደሌ ይህ ነው። የቀረው ሁሉ የእሱ ልጅ ነው። ባለቤቱ ነው አልሁ። እኔ ሰርዤ፣ ገና ብዙ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ባለቤቱ ነው አልሁ። ጋሽ ግርማ በዚያ በማይጮኸው ድምፃቸው «እኔ ታሪክ እንዴት እንደሚሰረዝ እንኳ አላውቅም» አሉ። ማንም አላመናቸውም። እውነት መሆኑን በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

በሳምንቱ ደብዳቤ ተሰጣቸው። የስንብት ምክንያቱ የተጻፈበት ደብዳቤ ነበርና ሌላ ትምህርት ቤት ሁሉ በሩን ዘጋባቸው። ወይዘሮ ሮማንን ፋብሪካ ውስጥ ሴቶቹ ሲያዩዋቸው ይንሾካሾካሉ ተባለ። ቤዛ የክፍል ጓደኞቿ ደብተሯ ላይ ነውር ሥለው ቢሰጧት ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቀረች። ይህን ሁሉ ደንበኞቼ እያወሩልኝ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ብሎን እፈታለሁ። ሱቄ አልተዘጋም። ሥራዬ በዛ። «ያችን የትምህርት ቤቱን ነገር ያወቀችው ባለሙያ» እየተባልሁ ሰው ይመጣብኝ ነበር።

ፍርሃቱ ግን ያለቀ እንዳይመስላችሁ፤ ገና መጀመሩ ነበር። ሌላ ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ የተሰረዘውን ቢመልሰውስ? የሰረዝሁበትን ሰዓት ቢያገኘውስ? ሱቄ በር ላይ ጥላ ባረፈ ቁጥር እሳቸው የመጡ ይመስለኛል። ኮት የለበሰ ሰው ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር ስሄድ አየኋቸው። ሰው ከማይበዛበት በኩል፣ ደንገሉ አጠገብ፣ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ቆመዋል። ውኃው እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ሱሪያቸውን አልሰበሰቡም። ወደ ፊት፣ ወደ ሐይቁ እያዩ አንድ እርምጃ ጨመሩ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ የመሰለኝን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሮጬ መጣራት ነበረብኝ። «ጋሽ ግርማ!» ማለት ብቻ ነበረብኝ። እኔ ምን አደረግሁ? መንገዱ ዳር ካለ ዋርካ ጀርባ ተደበቅሁ። ከጠራኋቸው ሊያናግሩኝ ነው፤ ካናገሩኝ ዓይን ለዓይን ልንተያይ ነው። ግንዱን ተደግፌ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ «እመቤቴ መልሻቸው» እያልሁ ቆምሁ። ሰው የመመለሱን ሥራ ለእመቤታችን ትቼ እኔ ተደበቅሁ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ አንዲት ታንኳ ስትጠጋ ባለታንኳው አንድ ነገር አላቸው መሰለኝ፣ ዘወር ብለው ወጡ፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሄዱ። ባይወጡስ ኖሮ? እስከ ዛሬ የምጠይቀው ይህን ነው። ባይወጡ ኖሮ ከዚያ ዛፍ ጀርባ ወጥቼ ወዴት እሄድ ነበር?

ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ ሐሙሲት ገባ። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሳችን ሐሙሲት ቆመ። ሻይ ልጠጣ ወርጄ ሳለሁ «ትርንጎ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ግርማ ነበሩ። ጠጉራቸው ነጭ ሆኗል። ከሻይ ቤቱ አጠገብ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡበት፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው። ኮት አልለበሱም። ሻይ አዘዙልኝ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ቤዛ በማታ ትምህርት ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት አሉኝ፤ ቤተሰቧን የሚያውቅ ሰው ባጋጠማት ቁጥር ያ ነገር እንደሚነሣባትም ነገሩኝ። ከዚያ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በቀስታ «እንዲያው ያኔ ላፕቶፑ ውስጥ ምን ነበር ያገኘሽው?» አሉኝ።

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ከዚያ በላይ እንዴት ይከፈታል?

«ረጅም ጊዜ ሆነው ጋሽ ግርማ፤ ረሳሁት» አልሁ።

«ረሳሽው?»

«ረሳሁት።»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ፤ ተነሥቼ ሮጥሁ። ሻዬን አልጨረስሁትም።

ባለፈው ወር ወይዘሮ ዘሃራ የሚባሉ፣ ወረታ ከተማ ጨርቅ የሚነግዱ እናት ልጃቸውን አስከትለው ሱቄ መጡ። ልጅቱ ባሕር ዳር ኮሌጅ ትማራለች። ዓይኗ አብጧል። እናቲቱ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «እኅቴ፣ አላህ ያሳይሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወንድሟ ሲከፍተው የሚያሳፍር ነገር ወጣበት። አልከፈትሁም ትላለች። ልጄ ዋሽታኛለች?» አሉኝ።

ወንበር ስቤ ሁለቱንም አጠገቤ አስቀመጥሁና ዝርዝሩን ከፍቼ በቀን አስደረደርሁ። «ይኸውና፤ ይህ መጽሐፍ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፣ እሷ የጫነችው። ይህ ደግሞ በዚያው ደቂቃ ተለጥፎ የገባ ነው፤ እሷ አልጠራችውም» አልኋቸው። የብራውዘሯን ታሪክ በፊታቸው ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አሳየኋቸው። ምንም ሳልሰርዝ በፊት በስልካቸው ፎቶ አስነሣኋቸው፣ ወንድሟም እንዲያየው። ከዚያ ነው ያራገፍሁት። ወይዘሮ ዘሃራ የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው አለቀሱ። «አንቺ ባትኖሪ ልጄን ምን አድርጌያት ነበር?» አሉኝ። ዱዓ አደረጉልኝ። ምርቃታቸው እንደ እርግማን ወረደብኝ።

እነሱ እንደወጡ ስልኬን አነሣሁ። የጋሽ ግርማን ቁጥር ሐሙሲት ባገኘኋቸው ቀን ከሱቃቸው ታፔላ ላይ ይዤው ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ዘጋሁት። በአራተኛው አነሡት።

«ጋሽ ግርማ፣ ትርንጎ ነኝ። የምነግርዎ ነገር አለ። በአካል መጥቼ ነው የምነግርዎ።»



«ስጠብቅሽ ነበር» አሉ። «ላፕቶፑ ካንቺ ሱቅ በቀር ሌላ ጠጋኝ ዘንድ ሄዶ አያውቅም። እኔ ደግሞ አልሰረዝኩም። እንግዲህ የቀረው ማን ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኋቸው።

«ማስረጃ አልነበረኝም። ያለ ማስረጃ ሰው ሲከሰስ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይቼዋለሁ።»

ማልቀስ ጀመርሁ። አልተቆጡም፤ አላጽናኑኝምም። «ስትመጪ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ደብዳቤ ጽፈሽ ነይ። ለኔ አይደለም፤ እኔ አልፎብኛል። ለቤዛ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ደብዳቤውን ጽፌያለሁ። ስሜና ፊርማዬ አለበት፣ የሱቄ ማኅተምም አርፎበታል። ነገ ጠዋት ሐሙሲት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ። ዛሬ ማታ ለባሌ እነግረዋለሁ። እፈራለሁ። የወይዘሮ ሮማንን ዓይን እፈራለሁ፣ ከሁሉ በላይ ቤዛን እፈራለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የእነሱም ቢሆን እንዲሰጡኝ መጠየቅ የምችል አይመስለኝም።

ደብዳቤው ላይ መጀመሪያ «በስሕተት» የሚል ቃል ጽፌ ነበር። አወጣሁት። በስሕተት አልነበረም።